ከፍያለሁ ባዩ ሰውዬ፣ አካፋህ የታለ?

ኑ ስሙልኝ፣ ይህን ሰውዬ! «ከስኪ ሪዞርቱ ክልል ካልወጣሁ፣ በበረዶ ናዳ ስቀበር ምልክት የሚልከው ቢከን ምን ያደርግልኛል? ለትኬቱ ከፍያለሁ!» ይላል። ከፍለሃል፤ ማን ካደህ? ሲከፋ ግን የሚያወጣህ ክፍያ አይደለም፤ አካፋ ነው። ናዳ ደግሞ ሲናድ እንጂ ሲናደድ አልታየም፤ ደረሰኝ ብታውለበልብ አይደነግጥልህም።

«የሪዞርቱ ወሰን ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲህ ሰላም ነው» አልክ? ገመድ በግ ያስራል፤ በረዶን ማን አሰረው? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2019 ኒው ሜክሲኮ፣ ታኦስ፦ ሁለት ሰው። ጃንዋሪ 2020 እዚሁ የእኛ የዋሽንግተን ጎረቤት አይዳሆ፣ ሲልቨር ማውንቴን፦ ሦስት ሰው። ጃንዋሪ 2024 ካሊፎርኒያ፣ ፓሊሴድስ ታሆ፦ አንድ ሰው። ሁሉም ከገመዱ ወዲህ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ ነው የሞቱት። በሟቾቹ አልቀልድም፤ ነፍሳቸውን ይማር። የምቀልደው በገመድህ ነው።

«የሪዞርቱ ፓትሮል በጠዋት ፈንጂ አፈንድቶ ያጸዳዋል።» እውነት ነው፤ ጀግኖች ናቸው። በክልሉ ውስጥ የሚሞተው ሰው ከውጭው እጅግ ያነሰው በእነሱ ነው። ግን ማርች 2014 በእኛው ዋሽንግተን፣ ክሪስታል ማውንቴን ላይ ምን ሆነ? ፓትሮሉ ራሱ በፈንጂ ያስነሳው ናዳ ሃይ ካምቤል የሚባለውን የስኪ ሊፍት ሰባበረው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። አስበው እስቲ! ሊፍቱ ብረት ነው፤ ተራራው ላይ ተተክሎ የኖረ ነው። አንተ ቅዳሜ መጥተህ ቅዳሜ የምትመለስ፣ በሁለት ጣውላ ላይ የቆምክ ሰው ነህ። ማን ይቀድማል?

«ቢቀብረኝም ፓትሮሉ ያወጣኛል።» ያወጣሃል፤ መቼ? በሩብ ሰዓት ውስጥ ከተገኙት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይተርፋሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን የሚተርፈው ከሦስቱ አንዱ እንኳ አይሞላም። ፓትሮሉ ሰምቶ፣ ወርዶ፣ ተሰልፎ እስኪወጋ ድረስ በረዶ ሥር ሆነህ ሰዓት ልታይ ነው? አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው የሚቀርብህ። ቢከንህ ሲልክ የእሱ ይቀበላል፤ ርቀትህን በሜትር ይነግረዋል፤ በፕሮቡ፣ በረጅሙ ዘንግ፣ ወግቶ ያለህበትን ይነካል፤ በአካፋው ይዝቃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ጌጥ ናቸው።

«ጃኬቴ ላይ ሬኮ ተሰፍቷል» ብሎ ደረቱን ነፋልኝ ደግሞ! ሬኮ እኮ በራሱ አይናገርም፤ ሲጠሩት ብቻ አቤት ይላል። ጠሪው መሣሪያ ያለው ደግሞ ፓትሮሉ ጋ ነው። ጓደኛህ ምን ይዞ ይጥራህ? ጉሮሮውን? «ስልክም አለኝ» አለ። አለህ፤ እሱም ቢከንህን ይበጠብጣል። ቢከኑ ሲልክ ስልክህን 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሲፈልግ 50 ሴንቲ ሜትር አርቀው።

«ሰው ይስቅብኛል።» ሞንታና ሂድና ይሳቅብህ! ብሪጀር ቦል ውስጥ ሽላስማን የሚባል ሊፍት አለ፤ ከሪዞርቱ ክልል ሳይወጣ ያለ ቢከን አያሳፍርም። እዚያ ባዶ ደረትህን ይዘህ ስትመለስ ነው ሰልፉ የሚስቀው።

«ይከብዳል።» ይኼን የሚለው ማን እንደሆነ እዩልኝ! ለአንድ ቀን ስኪ የጠቀለለው ጥብስ በእንጀራ ሠርግ ይደግሳል፤ የከበደው ግን አካፋው ነው! ጥብሱን ቀንስ፣ አካፋውን ጨምር። ሊፍት ላይ ስትወጣ ቦርሳውን ወደ ፊት አዙረህ እቀፈው፤ ማንጠልጠያው እንዳይያዝብህ።

ልጅህን ለስላሳው ሜዳ ላይ በፀሐይ ስታለማምድ ይዘህ ውጣ አልልህም። የምልህ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ አልፔንታል ሪዞርት ገደሉን ሲከፍት ነው። የእኛ የዋሽንግተን በረዶ ደግሞ ልክ አያውቅም፤ ማውንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ1998–99 ክረምት 1,140 ኢንች፣ ማለትም 29 ሜትር ገደማ ጥሎበታል። እንዲህ ሲከመር ዛፍ ሥር ያለው ጉድጓድ ሰውን በአፍጢሙ ይውጣል። ያን ጊዜ ገመድህን ጠይቀው! የሚያወጣህ ከዓይንህ ያልራቀ ባልደረባና በእጁ ያለ አካፋ ነው።

አሁን ደግሞ የመጨረሻዋን መዘዛት፦ «ጓደኛዬ ይዟል፤ ይበቃናል።» ወይ ጉድ! የአንተ ቢከን ካልላከ የእሱ ምኑን ይቀበላል? እሱ ቢቀበርስ በምን ልትፈልገው ነው፣ በሰላምታ? እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት በአይ 90 አውራ ጎዳና ከመውጣትህ በፊት የቢከንህን ባትሪ አይተህ ና። ፓርኪንጉ ዳር ቢከን እቀብርልሃለሁ። ፈልገህ ታወጣዋለህ፤ ሰዓቱን እኔ ይዣለሁ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ምስክር ነው።