ያልተመለሰ ሁሉ ደርሷል ማለት አይደለም

«ሜትሩ 1.2 እያለ አንቴናው ታሟል ትለኛለህ?» አሉኝ የሬዲዮ ክፍሉ ኃላፊ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አምቡላንሶቹ ከከተማ ወጣ ሲሉ ተራራው ላይ ያለው ሪፒተር አይሰማቸውም።

«ጋሼ፣ ሜትሩ የሚያውቀው ተመልሶ የመጣውን ነው። መንገድ ላይ የቀረውን ማን ይንገረው?»

ኤስ ደብሊው አር ሜትር ወደ አንቴናው የሄደውን ኃይል ከተመለሰው ጋር ያስተያያል፤ ወደ 1 የቀረበ ቁጥር የተመለሰው ጥቂት ነው ማለት ነው። ውሃ የገባበት ኬብል ግን ሲሄድም ሲመለስም ይውጠዋል። 10 ዴሲቤል የሚበላ ኬብል ከ50 ዋት ላይ የሚያደርሰው 5 ብቻ ነው፤ አንቴናው ተገንጥሎ ቢወድቅ እንኳ ታች ያለው ሜትር ያንኑ 1.2 ግድም ያሳያል። እኔ ይህን ቁጥር ብቻውን አላምንም፤ ማንም እንዲያምነው አልፈልግም።

«እንግዲያው አዲስ ሪፒተር እንግዛ።»

«ባልዲው እያፈሰ ጉድጓድ እናስቆፍር?»

መጀመሪያ ላኪውና ተቀባዩ አንድ አንቴና ከሚጋሩበት ዱፕሌክሰር መውጫ የአንቴናውን ኬብል ፈትቶ፣ ኃይሉን ውጦ የሚያስቀር 50 ኦም ዳሚ ሎድ ማሰር ነው። ሪፒተሩ ሲያስተላልፍ መቀበያው ላይ ይሰማ የነበረው መንኮሻኮሽ ከጠፋ፣ ጥፋቱ ከዚያ በላይ ነው። ቀጥሎ ዳሚ ሎዱን ታወሩ ጫፍ ወስዶ ዋቱን ታችም ላይም መለካት።

የላይኛውን ኮኔክተር ስንፈታው ውሃ ጠብ አለ። የመዳብ ጉንጉኑ አረንጓዴ ሆኗል። ናስትሮውን ከላይ ወደ ታች ጠቅልለውት እያንዳንዱ ዙር አፉን ለዝናብ ከፍቷል። ከታች ወደ ላይ ቢጠቀለል ውሃው በላዩ ይንሸራተት ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ እርስ በርሱ የሚጣበቀው የጎማ ናስትሮ መቅደም ነበረበት።

«በናስትሮ ነው የምትቆጣው?»

«ናስትሮው ነዋ ኬብሉን የበላው!»

የመብረቅ መከላከያም ስጠይቅ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው በበኩላቸው፣ «የመብረቅ መከላከያው ውድ ነው፤ መብረቅ እንደሆን የእግዜር ነው» አሉ።

«መብረቁ የእግዜር ነው፤ የግራውንድ ሽቦው ግን የእኛ ነው።»

መከላከያው ኬብሉ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ይታሰራል፤ ሽቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን። የታወሩ፣ የመብራቱና የሬዲዮው ግራውንድ መያያዝ አለባቸው። ለየብቻ ከተቀበሩ መብረቅ ሲወርድ በመካከላቸው ለሚፈጠረው ቮልቴጅ መተላለፊያው ሪፒተሩ ይሆናል።

«ይህን ሁሉ ለአንድ ኬብል?» አሉ ኃላፊው።

«ጋሼ፣ በዚያ ኬብል የሚጣራው ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ታወር የሚወጡ ሁለት ልጆች ይስጡኝ።»