የአፉላ ቤተሰብ ቴክኒዮን የሚያመለክትበት ሥርዓት፦ የመስክ ጥናት

ስለ ሁለተኛ ዲግሪ የምህንድስና ማመልከቻ የወጡ መመሪያዎች ሁሉ አመልካቹ አንድ ሰው ነው ብለው ይነሣሉ። እስራኤል ውስጥ አፉላ ከተማ፣ ከጎንደር በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ የተካሄደው ይህ ጥናት ግምቱ መሠረት እንደሌለው ያሳያል። መረጃው የተሰበሰበው ቡና ላይ ነው፤ አቦል ጠጥቶ የሚነሣ ተመራማሪ ቁም ነገሩ ያመልጠዋል።

በቅድሚያ ታሪካዊ ዳራ። ሃይፋ ያለው የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ ቴክኒዮን ማስተማር የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1924 ሲሆን አፉላ የተቆረቆረችው በ1925 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ከአፉላ አመልካች መጥፋቱ ከስንፍና አይቆጠርም። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1913 ትምህርቱ በጀርመንኛ ይሁን በዕብራይስጥ በሚል ብርቱ ጠብ ተነሥቶ በመጨረሻ ዕብራይስጥ ረትቷል። አማርኛ ለውድድር አልቀረበም፤ ይግባኝ የማለት መብታችን እንደተጠበቀ ነው።

ወደ ማመልከቻው እንግባ። የውጤት መግለጫው አያከራክርም፤ እናት በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያዎቹ ጋር አኑረውታል። ጣጣው የድጋፍ ደብዳቤው ነው።

«ቄሱ ይጻፉልህ እንጂ! ከሕፃንነትህ ጀምሮ ያውቁህ የለም?»

«እማ፣ የሚጽፈው ያስተማረኝ ፕሮፌሰር ነው።»

«ስንት ጊዜ አስተማረህ?»

«አንድ ሴሚስተር።»

«ታዲያ እሱ ምንህን ያውቃል?»

ለዚህ ጥያቄ ከምሁራን መልስ አላገኘንም።

የመመረቂያ ጥናት ሠርቶ የሚማር ሰው ደግሞ አማካሪ መምህር ማግኘት አለበት። ልጁ ኢሜይል ይልካል፤ ፕሮፌሰሩ ዝም ይላል። ቤተሰቡ በዝምታው አይፈርድም፤ ለመሆኑ ሙሽራ ራሱ ሄዶ ልጃችሁን ስጡኝ ይላል? አባትና ሁለት አጎቶች ጋቢያቸውን ደርበው በባቡር ሃይፋ ሊወርዱ፣ በአውቶቡስ ቀርሜሎስን ሊወጡ፣ ከቤተ ሙከራው ደጅ ቆመው እንደ ወጉ ጉዳያቸውን ሊያስረዱ ተነሥተው ነበር። ከአፉላ ሃይፋ የሚያደርሰው የሸለቆው ባቡር በ2016 ዳግም ሥራ ስለጀመረ መንገዱ ሰበብ አይሆንም። ያስቀራቸው ልጁ ነው፣ እግራቸው ላይ ወድቆ። በበኩሌ ሽማግሌዎቹ ቢሄዱ ኖሮ ከኢሜይሉ ፈጥነው መልስ ይዘው ይመለሱ ነበር ባይ ነኝ።

ለምርምር ተማሪ ዩኒቨርሲቲው በየወሩ ድጎማ እንደሚከፍል ሲሰማ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። አያት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የሚከፍሉህ ከሆነ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ለምን ትምህርት ይሉታል?» ጉዳዩ ለዶክትሬት ተመራማሪዎች ተላልፏል።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚለው «በመታየት ላይ» ብቻ ነው። ሰፈሩ ግን የመቀበያ ኮሚቴ አይጠብቅም። በሳምንቱ ጎረቤቲቱ ከደረጃው ላይ ያዙት።

«አንተ መሐንዲሱ! ጣራ ላይ ያለው ዱድ ውሃ ማሞቅ ትቷል፤ ብቅ በልና እየው።»

የሚያጠናው ስለ ሬዲዮ ሞገድ መሆኑን በአክብሮት አስረዳ።

«ግድ የለም፤ መጀመሪያ ዱዱን እይ። የተበላሸ ሬዲዮም አለኝ።»