ለምደባው ኮምፒውተር፣ ከደጋው ዶርም

ለክቡር የተማሪዎች ምደባ ኮምፒውተር
ባሉበት

ጉዳዩ፡- ብርድን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አልጠይቅም፤ ቫይረስ ካልነካዎ ደህና ነዎት። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ካለፉት 5.4 በመቶ ተማሪዎች አንዱ ነኝ። ምርጫዬን በቅደም ተከተል ሞልቼ ላክሁ። እርስዎም ውጤቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ ከዝርዝሩ ጭራ ላይ ቦታ ለመሙላት ያህል የጻፍኳትን የደጋ ከተማ መረጡልኝ። ስሟን አልጠራም። ከተማዋ ምን አጠፋች? ብርዱ እንደሆነ ከእኔ በፊትም ነበር።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቆላ። አሁን ያለሁበት ከ2,800 ሜትር ያልፋል፤ ደጋ። ወይና ደጋን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ ሲያስረዱ ከክፍሉ ማስታወሻ ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጣቴ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎኝ ነው።

እናቴ ብርድ ከዝናብ ጋር ብቻ የሚመጣ መስሏት ጃንጥላ አስይዛ ነበር የሸኘችኝ። ለካ ደመና ያለበት ሌሊት ደህና ነው፤ እንደ ድስት ክዳን የምድሩን ሙቀት አፍኖ ያሳድራል። ጉዱ የሚጀምረው ከጥቅምት ወዲያ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ሲያምሩ ነው። ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቅና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለቁርስ ስንሰለፍ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉ አባቶች የካፌ ተማሪ እንዳልነበሩ ያስታውቃል። እኛ ጥቅምትን በሽሮ፣ የኅዳርን መጀመሪያ በምስር አሳልፈን የገና ጾም ደረሰብን። አጥንት የምናየው መስታወት ፊት ሸሚዝ ስናወልቅ ነው፤ እሱንም ማን ያወልቃል!

ልብሴን በተመለከተ፣ ከሰልባጅ ተራ አንድ ወፍራም ጃኬት ገዝቻለሁ። ዚፑ ላይ የሆነ የአውሮፓ ተራራ የበረዶ ሸርተቴ ትኬት በክር ተንጠልጥሏል። አልበጠስኩትም። የቀድሞው ባለቤት ለብርድ ከፍሎ ይገባ እንደነበር ሳስብ እጽናናለሁ። እኔ በወጪ መጋራቱ ውል ላይ ወደፊት ልከፍል የፈረምኩት ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርቱ ነው፤ ብርዱን መንግሥት ችሎልኛል።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለብን። ዶርም ውስጥ ሂተር መሰካት ክልክል ነው፤ የእኔን ፕሮክተሩ በመጣሁ ሰሞን ወስደውታል። ስለዚህ ግቢ በር ላይ ያሉት የሻይ ቤቷ እትዬ ሲዘጉ የተረፋቸውን ፍል ውሃ በሃይላንድ ይቀዱልናል። ፕላስቲኩ ወዲያው ይኮማተራል፣ ወገቡ ይሰበራል፣ አንገቱ ይጣመማል። በካልሲ ጠቅልለን በሩጫ ዶርም እናደርሰውና እግራችን ሥር እናስተኛዋለን። እስከ 6 ሰዓት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ራሱ ይበርደውና ከእኛ ሙቀት መሻማት ይጀምራል።

ለአጎቴ ደውዬ ይህንኑ ባስረዳው «ከ100 ተማሪ 5 በሚያልፍበት ዘመን አልፈህ ስለ ካልሲ ታወራኛለህ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እርስዎ በበኩልዎ «ልጆቹን የማደባልቀው አገራቸውን እንዲያውቁ፣ እርስ በርስ እንዲዋወቁ ነው» እንደሚሉኝ አላጣሁትም። እውነትዎን ነው፤ ተዋውቀናል። ከጋምቤላ የመጣው ጓደኛዬ፣ አገሩ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው። የወልድያው ልጅ «ይህ ምን ብርድ ነው!» እያለ ሲኮራብን ከርሞ ታኅሣሥ ላይ ድምፁ ጠፋ። ለአራት ሰው ሦስት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው ያለን፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጋራ በየማታው ስንደራደር የማናውቀው የቤተሰብ ታሪክ የለም። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር መድረክ ላይ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይህ ድርድር ይበልጥብኛል። እርስዎ ግን ይህን አስበው አደረጉት ብዬ አላመሰግንዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሂተሬን የወሰዱት ፕሮክተር እዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ልጃቸውን እርስዎ ሰመራ መደቡት፤ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ አልፎ የሚሄድበት አገር። እናቱ ፈትላ፣ ጋቢ አሠርታ፣ «እንዳይበርድህ» ብላ ነው የሸኘችው። ጋቢው ሎከር ውስጥ እንደተጣጠፈ አለ። ልጁ በሙቀቱ ወቅት አንሶላ ውሃ ነክሮ ነው የሚተኛው፤ ይህን አባትየው ራሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ነገሩኝ። እኔን እዚህ፣ እሱን እዚያ ለማድረስ የተከፈለውን የአውቶቡስ ዋጋ ሳስበው ሁለታችን ቤታችን ብንቀር ሁለት ጥሩ ጋቢ ይገዛ ነበር።

እስካሁን እንዴት አላስተዋሉም ብዬ ብዙ ተቸገርኩ። በኋላ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ገለጠልኝ። እርስዎ ያሉበት ክፍል ኤሲ ሌት ተቀን ይሠራል አሉ። ሲሞቅዎት ይታመማሉ፣ ሲቀዘቅዝዎት ይፈጥናሉ። ታዲያ ምን አጠፉ? ለራስዎ የወደዱትን ለእኔም ተመኙልኝ።

ዝውውር አልጠይቅም። የሕክምና ማስረጃ አምጣ ተብዬ ክሊኒክ ብሄድ ብርድ በሽታ አይደለም ተባልኩ፤ የሳንባ ምች ሲሆን ተመለስ። የምለምንዎት የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ ላይ፣ ከጾታ ቀጥሎ፣ «ጋቢ አለዎት?» የምትል አንዲት ሣጥን እንዲጨምሩ ነው። አለኝ ያለውን ወደ እኛ ይላኩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፡-
ለእናቴ፣ ድሬዳዋ (ስለ ብርድ የሚያወሩት አንቀጾች ወጥተው፤ ሰላምታው ይበቃታል)
ለሰመራው ልጅ (ጋቢውን በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው እንዲሰጥልኝ፤ የአባቱን ዶርም ቁጥር ያውቀዋል)
ለፕሮክተሩ (ስለ ሁለተኛው ሂተር ምንም ስላልጻፍኩ፣ ለመረጃ ያህል ብቻ)