የአያ ሞሪስ አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የቅሬው አባላት፣ ከከሚሴና ከሰንበቴ የመጣችሁ መካኒኮች፣ የተሰበሰበ ሰው አይታችሁ ባጃጃችሁን ዳር ያስያዛችሁ ልጆች፦ ለለቅሶ ስለደረሳችሁልን አላህ ይስጥልን። እንደ ወጉ የሟችን አጭር የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። አጭር የሆነው ወረቀቱ ነው፤ ሕይወታቸውማ ረጅም ነበር፣ ግማሹ መንገድ ዳር ቆሞ ያለፈ ቢሆንም።

አያ ሞሪስ ማይነር ከአባታቸው ከመሐንዲስ አሌክ ኢሲጎኒስ፣ ከእናታቸው ከካውሊ ፋብሪካ፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ ተወለዱ። ዘራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ላይ ነው። ይህ ዘር ሳይወለድ የታከመ ነው። አባትየው ናሙናውን አይቶ ጠበበብኝ አለና ከአፍንጫ እስከ ጭራ ለሁለት አሰነጠቀው፤ መሐሉ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ መልሶ አስገጠመው። ኮፈናቸው መሐል ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው መስመር የዚያ ስፌት ጠባሳ ነው። የፋብሪካው ጌታ ሎርድ ናፊልድ ግን ያም ሆኖ አልወደዱትም፤ ያለ ቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል ይመስላል ብለው እንደናቁት ይነገራል። የተናቀው ዘር 1.6 ሚሊዮን ሆኖ ተባዛ። ከእንግሊዝ መኪኖች ሚሊዮን በመሙላት የመጀመሪያው እሱ ነው።

ሟች ወደ አገራችን የገቡት እንደ እኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ከአሰብ ተነሥተው በባቲ በኩል ነው። ሞተራቸው 948 ሲሲ፣ ጉልበታቸው 37 ፈረስ ነበር። ወሎ ውስጥ 37 ፈረስ ያለው ሰው ባላባት ነውና እሳቸውም በዚያው ልክ ይኮሩ ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አንድ ጠባያቸውን አልደብቅም፤ እልኸኛ ነበሩ። ሁሉ ነገራቸው የሌላው ተቃራኒ ነው። ሲመጡ አገሩ በግራ ይነዳ ነበር፤ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነውና ተስማሙ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረ። አያ ሞሪስ መሪያቸውን ይዘው ባሉበት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ተሳቢ መቅደም ሲያምራቸው የፊቱን መንገድ የሚያየው ሾፌሩ መሆኑ ቀረ፤ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪ ሆነ። "ግባ!" ሲል ይገባሉ፣ "ቆይ ቆይ!" ሲል ይመለሳሉ። ስለዚህ ባለቤታቸው ማንንም ዝም ብለው ጋቢና አያስቀምጡም ነበር፤ መጀመሪያ የሰውየውን ዐይን፣ ቀጥሎ የቆየ ቂም እንደሌለበት ያጣሩ ነበር።

በኤሌክትሪክም እንዲሁ ናቸው። ሌላው መኪና ነጋቲቩን ከቦዲ ያስራል፤ እሳቸው ፖዘቲቩን። አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፍቶ "ማነው ይህን የገለበጠው?" ብሎ አዘነና ባትሪውን "አስተካከለላቸው"። ሬዲዮናቸው በዚያው ቅጽበት ዐረፈ፤ ዲናሞውም ግራ ገብቶት ቻርጅ ማድረጉን ተወ። ዳዷቸው ደግሞ በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነውና 13 ቁጥር ቁልፍ የገባ ይመስላል፤ ሲያጠብቁት ግን ይሾልክና ጠርዙን ይበላዋል። ከጊዜ በኋላ በፒንሳ ካልሆነ የሚፈታ ዳዶ አልቀረላቸውም።

ጤናቸው የከፋው ግን በቦታው ምክንያት ነበር። ካርቡራቶራቸው የተቀመጠው ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በላይ ነው፤ ለኦክስፎርድ ብርድ ደግ ሐሳብ ነበር። እሳቸው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ጣርማበር ወደ ጨፋ ሜዳ ሙቀት የሚወርዱ መንገደኛ ሆኑ። እላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ በጥቁር ጭስ ይስላሉ። ታች ሲደርሱ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተንና ፖምፓው ነፋስ ይስባል፤ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፣ ሞተሩ ግን ዝም። ያኔ በቦርከና ወንዝ በተነከረ ጨርቅ ፖምፓውንና ቱቦውን መጠቅለል ነው። የፖምፓው ፕላቲን ተጣብቆ ጭራሽ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ በካቻቪቴ እጀታ አንድ ጊዜ ይመታሉ፤ ይነሣሉ። በዱላ የሚድን በሽተኛ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ሙቀቱ ሲበዛ ጓርኒሲዮናቸው ነደደ፤ ውኃው ከዘይቱ ገብቶ ዘይቱ ማኪያቶ መሰለ። ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የታጣው ጓርኒሲዮን በእጅ ተቆርጦ ገባላቸው፤ ለወጉ ያህል ያዘ።

የገደላቸው ሕመም ግን ሌላ ነው። ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። እርሳሱ ለልጆች አእምሮ መርዝ፣ ለአያ ሞሪስ ግን መድኃኒት ነበር፤ ቫልቮላው የሚያርፍበትን ለስላሳ ብረት ይጠብቅላቸዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ1993 ዓ.ም. ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 1998 ዓ.ም. እርሳሱን ከቤንዚን አስወጡ። ከዚያ በኋላ ቫልቮላው መቀመጫውን እየቀጠቀጠ ወደ ቴስታታው ሰመጠ፣ ኮምፕሬሽኑም ወረደ። ያ ሁሉ ፈረስ አንድ በአንድ እያለቀ፣ በመጨረሻ የሐርቡን መንገድ እንኳ የማይችሉ ሆኑ።

ከቀብሩ በፊት "ማን ገደላቸው?" የሚል ወሬ ሰምቻለሁና ልመልስ። መካኒኩ አይደለም፤ ባለቤታቸውም አይደሉም። አገሩ መንገዱን ማዞሩ ያስኬዳል። እርሳሱ መውጣቱ ለልጆቻችን ነው፤ ማንም አይቆጭበትም። ሚሊ ሜትሩም ከክፍልፋይ ኢንች ይቀላል። ያ ወጣት ኤሌክትሪሺያን እንኳ የተማረውን ነው የሠራው። አያ ሞሪስን የገደላቸው ክፋት ሳይሆን የትክክለኛ ውሳኔዎች ድምር ነው። ሲወሰን ሽማግሌውን የጠየቃቸው የለም፤ ቢጠየቁም እምቢ ይሉ ነበርና አለመጠየቃቸው ደግ ሆነ። ለዚህም ነው ይህ ለቅሶ የሚከብደው፤ የምንረግመው ሰው የለንም።

ወራሽም የላቸውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። በዚህ መንገድ አሁን የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለው፣ ቫልቮላ የለው፤ በካቻቪቴ እጀታ ቢመታም የሚነሣ አይደለም። ስለዚህ ኮፈናቸው ለዶሮ ቤት፣ የኋላ መቀመጫቸው ለሻይ ቤቱ እንዲሆን ቤተሰቡ ወስኗል።

በመጨረሻ እንደ ደንቡ የዕዳ ጉዳይ። መካኒኮች፣ እጃችሁን አውርዱ፤ የእናንተ በየወሩ ተከፍሏል። ያልተከፈለው የገፊዎች ነው። ከሰንበቴ እስከ ሐርቡ እሳቸውን ያልገፋ ጎልማሳ የለምና ሟችን አውፍ በሏቸው። ያልገፋ ካለም አልረፈደበትም፤ አሁን ከጋራዡ እስከ ማረፊያቸው የምንሸኛቸው በግፊ ነው። ባትሪው ወልቋል፤ ተነሥተው ጥለዋችሁ ይሄዳሉ ብላችሁ አትስጉ።