ለቀመር የተሰጠ አገር

እናንተ የእድሜ አቻዎቼ፣ ይህን ዘመን እንዴት ቻላችሁት? ሸኸዲ ስንላት የኖርናት ከተማ ገንዳ ውኃ ሆነች፤ እሺ ብለን ዝም አልን። ሰሜን ጎንደር ተብለን በአንድ ስንኖር ሰሜን፣ ማዕከላዊ፣ ምዕራብ ብለው ሦስት አደረጉን፤ እሱንም ዋጥነው። ከሁሉ የባሰው ግን የበጀት ማከፋፈያው ቀመር ነው።

ወረዳው ስንት ያወጣል፣ ስንትስ መሰብሰብ ይችላል ብለው የክልሉ ሰዎች ባሕር ዳር ላይ ይተምኑና፣ ለጎደለው ድጎማ ይሰጡታል አሉኝ። እንግዲህ ተመልከቱ! አቅም አለው የተባለው ይቀነስበታል፣ ደካማ የተባለው ይሞላለታል። መተማ ቀን ከሌት ስትሰበስብ፣ ጎረቤቶቻችን ጥላ ሥር ተጋድመው ቀመር ይጠብቃሉ። የጉምሩኩን ቀረጥማ ተዉት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 የፌዴራል ነው ብሎ ጨርሶታል። ለእኛ የሚተርፈን የጭነት መኪናው አቧራ ነው። ሰሊጡን በእኛ መሬት አብቅሎ የሚከብረው ነጋዴም ንግድ ፈቃዱን ጎንደር ያወጣና ግብሩን እዚያው ይከፍላል። ነውር አይደለም? የእኔ ልጅም ፈቃዱ የጎንደር ነው፤ እሱ ግን ለጉዳይ ስለሚመቸው ነው።

በዚያ ላይ በሬ ገበያ ብትነዳ ኮቴ ክፈል፤ ወረዳ ብትሻገር የቀድሞውን ደረሰኝ አናውቅም፣ አሁንም ኮቴ ክፈል። ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ የታለ! ነጋድራሱ ኬላው ላይ ይቀመጣል፣ ይቀበላል፣ አለቀ። ለማን ስንት ደረሰ የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም፤ ሁሉንም የሚወስደው አንድ ሰው ነዋ! ጅራፉም ቢሆን በሥርዓት ነበር። የከብት ግብር ጊዜ ሲደርስ አባቴ ከብቱን ወደ ሱዳኗ ገላባት ያሻግራል፣ ሹሙ መጥቶ ባዶ በረት ያያል፣ ጠላውን ጠጥቶ መርቆን ይሄዳል። እንዲህ ያለ መተማመን ዛሬ የት ይገኛል? በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣው ጥጋብ ቢሆን ነው፤ እኛ ቆለኞች ለመንግሥት ታዛዥ ነበርን።

ቀመሩ ሕዝብ ይቆጥራል ይላሉ። ደም ለምን አይቆጥርም? ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚህ አይደለም ወይ? ከተማይቱስ መተማ ዮሐንስ የተባለችው በማን ነው? ይህ ስንት ነጥብ ያሰጣል ብዬ አንዱን የፋይናንስ ልጅ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ በመስፈርቱ የለም» ብሎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ቋራዎች ደግሞ ይህን ሲሰሙ ቴዎድሮስን ይዘው ይመጣሉ። ይምጡ! የእነሱ ንጉሥ እዚያ ተወለደ እንጂ አልሞተላቸውም፤ በመወለድ ድጎማ አይጠየቅም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የመተማ ድርሻ ከፍ እንዲል አብረን እንጩህ። ሁሉም ግብሩን በአገሩ ይክፈል በሉ። እኔን ብለው ከገቢዎች የመጡ እንደሆነ ግን፣ ሽማግሌው ጠበል ሄደዋል በሏቸው።