የወፍ ያለህ!

መነጽሩ እጄ የገባው በዕዳ ነው። አስጎብኚ የሆነ ወዳጄ ያበደርኩትን ብር የሚመልስበት ቀን ባለፈ ቁጥር ሌላ ቀን እየቀጠረልኝ ከረመና በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ቦርሳ አስቀምጦ «እስክከፍልህ ይህን ያዝ» አለኝ። ስከፍተው ሩቁን የሚያቀርብ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ነው። ጎኑ ላይ 8 በ42 ተብሎ ተጽፎበታል። ስምንቱ ነገሩን ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት እንደሆነ፣ አርባ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ። ስለ ብሩ ግን ምንም አላስረዳኝም። አንድ ዳጎስ ያለ የወፎች መጽሐፍም መረቀልኝ። የቡናውን ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

መርካቶ ወስጄ ልሸጠው ነበር። ነጋዴው መነጽሩን ወደ ጣሪያ፣ ወደ መንገዱ፣ ከዚያም ወደ አፍንጫዬ እያዞረ አየበትና «ይህ የወታደር ዕቃ ነው፣ ደፍሮ የሚገዛ የለም» ብሎ የሻይ የምታህል ዋጋ ጠራልኝ። ተናድጄ ይዤው ተመለስኩ። እንግዲህ ወፍ ማየት የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ተፈጥሮን ከመውደድ ሳይሆን ገዢ ከማጣት።

መጀመሪያ ያየሁት ከኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ጎህ ሲቀድ ከጣሪያ በላይ እየጮኸ የሚያልፍ ወፍ አለ፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ድምፁ የዛገ የቆርቆሮ በር በኃይል ሲከፈት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ። በመነጽሩ ሳየው ወደ ታች የቆለመመ ረጅም መንቁር አለው፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል፣ ክንፉ ላይ ነጭ አለበት፣ ፀሐይ ስታገኘው ደግሞ ጥቁር ያልኩት ላባ አረንጓዴ ያበራል። መጽሐፉን ባገላብጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም ይላል። ለካ እኔ ትራሴን ጆሮዬ ላይ ጭኜ የምረግመውን ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ ትኬት ቆርጦ የሚመጣ ሰው አለ!

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የኮሚቴው ሰብሳቢ በሬን አንኳኩ። ከፊት ለፊቱ ብሎክ አቤቱታ ቀርቦብኛል።

«ወፍ ነው የማየው» አልኳቸው።

«የትኛዋን?» አሉኝ።

ባለቤቴ መነጽሩን አልጠላችውም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግን ምን ያደርግልሃል?» ይህችን ጥያቄ የማያውቅ ሀበሻ የለም። ኳስ ብታይ፣ ካርታ ብትጫወት፣ አንድ ማኪያቶ ይዘህ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ ማንም ምንም አይልህም፤ ለብቻህ ቆመህ የዛፍ ጫፍ ካየህ ግን ወይ ታመሃል ወይ ከሥራ ተባረሃል። የዘመድ ጥየቃም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለሠርግና ለለቅሶ ከሆነ አገር አቋርጠን እንሄዳለን። እንዲያው በናፍቆት በር ያንኳኳን እንደሆነ ግን የቤቱ እመቤት ደረቷን ይዛ «ምነው? ደህና አይደላችሁም?» ትላለች። ስለዚህ ለወፉ ዘመድ፣ ለዘመዱ ወፍ እያመካኘሁ መሄድ ጀመርኩ። ሱሉልታ የምትኖረውን የአጎቴን ልጅ ሳላያት ዓመታት አልፈው ነበር። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት፣ የእኛው አገር ብቻ የሆነ ዝይ እዚያ ረግረጉ ላይ ይታያል ሲሉኝ ግን በሳምንቱ ሄድኩ። ዝይው አልነበረም። እሷ ግን ወልዳ ነበር፤ ልጁም መራመድ ጀምሯል። ሱሪዬን ይዞ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም መነጽሩን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁት፤ ወዲያው ላሰው።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከአንኮበር ነው። ባለዕዳው ወዳጄ ስልክ ስደውልለት፣ ምናልባት ስለ ብሩ እንዳላነሳ ብሎ ይሆናል፣ ስለ አንዲት ወፍ ያወራልኝ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ታየች፤ በ1979 ጆን አሽ የተባለ የወፍ ተመራማሪ ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቃት፤ ስሟም የአንኮበርን ስም ይዞ ቀረ። በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኝታለች እንጂ ለረጅም ጊዜ ሌላ አገር አይታወቅላትም ነበር። መልኳን በመጽሐፉ ፈልጌ ሳገኝ ትንሽ አዘንኩ። ቡናማ ናት። ጀርባዋም ሆዷም ጭረት ጭረት ነው። ቀይ የለባት፣ ቢጫ የለባት፤ ከጓሮ ድምቢጥ ለይቶ ለማወቅ ራሱ ትምህርት ይጠይቃል።

አንኮበር ደግሞ እንዲህ በቀላሉ ወፍ የሚታይበት አገር ብቻ አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ከነገሡበት፣ የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 መልእክተኛ ሆኖ ከመጣበት፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከመዞራቸው በፊት ከተቀመጡበት አገር ታሪክ ሳይነካኩ ማለፍ ነውር ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት የእታለም አገር ነው። እታለም የአባቴ ታናሽ እኅት ናቸው። በደወልኩ ቁጥር «አንተ ልትቀብረኝ ነው እንጂ ልታየኝ አትመጣም» ይሉኛል። ኮሮና ከመምጣቱ በፊት፣ መንገዱም ሰላም ሳለ፣ አንድ ኅዳር ላይ ቡና፣ ስኳርና ሙዝ ሸክፌ ላምበረት መናኸሪያ ወረድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ታቅፈዋል። ሰንዳፋን እንዳለፍን መጽሐፉን ገለጥኩ።

«ምንድን ነው የምታነበው ልጄ?»

«ስለ ወፍ ነው እማማ።»

«ዶሮ አለበት?»

ፈለግኩ፤ የለበትም። ቆቅ አለ፣ ጅግራ አለ፣ የዱር ዳክዬው ብቻ ገጽ ሙሉ ነው። ዶሮ የለም።

«ዶሮ የሌለበት የወፍ መጽሐፍ!» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ዶሮውም የሰማ ይመስል ሸኖ ላይ አንገቱን አስግጎ የአንኮበሯን ወፍ ሥዕል ያለበትን ገጽ ቦጨቀው። ረዳቱ «ቀንቶ ነው» አለ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የእኔ መሆኑ ቀረ። ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኋላ ወንበር ደረሰ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን፣ መንቁረ ወፍራሙን ቁራ አንድ ገበሬ አገኙትና «ይህማ የእኛው ሌባ ነው! ባለፈው ከእጄ ላይ ሥጋ ነጥቆኛል» ብለው ለሁሉም አሳዩ። ፎቶ መነሣቱ ሳይገርማቸው አልቀረም። ሹፌሩ ሳይቀር አንገቱን ሊያዞር ሲል ነው ሁላችንም በአንድ ድምፅ የጮኽነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ግድም ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ እንዲቆም ያሰበው ሰው አእምሮው ደህና ነበር። ሌላ መኪና ይዤ ወደ አንኮበር ሳቀና መንገዱ ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ከመካከላቸው አንድም ቀና ብሎ ያየን የለም።

እታለም በር ላይ ሲያገኙኝ መጀመሪያ ደረታቸውን ያዙ። ማንም አለመሞቱን ካረጋገጡ በኋላ ሳሙኝ፤ እንደገና ሳሙኝ፤ «ከስተሃል» አሉ። የከሳሁት የት ላይ እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ። ወፍ ለማየት መምጣቴን ስነግራቸው ጉሮሮዬን ያመመኝ ያህል አዝነው አዩኝና «ግድ የለም፣ ይደረስበታል» ብለው ጠላ ቀዱልኝ።

የወፍ ሰዓት ማለዳ ነው። ችግሩ ማለዳ የእታለምም ሰዓት መሆኑ ነው። በማግስቱ ጫማዬን ሳላጠልቅ በፊት የገብስ ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ይዞ ቀረበ፤ ከዚያ ቡና ተቆላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ጎረቤቱ ሁሉ እንግዳ ሊያይ መጣ። የአባቴን የልጅነት ጉድ አወሩልኝ፤ በግ ጠባቂ ሳለ እንቅልፍ ወስዶት በጎቹ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብተው ካህናቱ እንዴት እንዳባረሯቸው። አባቴ በሕይወት ሳለ ይህን አንድ ቀን አልነገረንም፤ እኛን ግን ተኝታችሁ አረፈዳችሁ እያለ ስንት ጊዜ ገርፎናል! ከት ብዬ ስስቅ ሲኒው ተደፋብኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ መነጽሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ዋለ።

ሦስተኛው ቀን ወፍ ጭጭ ሳይል ተነሣሁ። መቀርቀሪያውን እንዳይጮህ በጋቢ ይዤ ከፈትኩት፤ ውሻው ግን ጋቢ አልነበረውም። አገር ሲያስነሣ እኔ ወደ ገደሉ አፋፍ ደርሼ ሆዴን መሬት ላይ አስደግፌ ተኝቻለሁ። ከታች ጉም ሞልቷል። ጉሙ እየተገፈፈ ሲሄድ ባለ እርከን እርሻው ብቅ ብቅ አለ። አንድ ትልቅ አሞራ፣ አጥንት ከሰማይ ወደ አለት እየጣለ ሰብሮ የሚበላው፣ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ከእኔ በታች አለፈ። ጀርባውን ከላይ አየሁት። ወፍን ከላይ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል ለማን ይነገራል?

«ተነሣ!»

ጋቢ የለበሰ፣ ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ ነው።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ወፍ።»

«የምን ወፍ?»

«አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት።»

«በዚህ ብርድ፣ በዚህ ሌሊት፣ ለትንሽ ቡናማ ወፍ?»

ጥያቄው ልክ ነበር፤ መልስም አልነበረኝም። መጽሐፉን እንዳላሳየው ዶሮው የቦጨቀው ገጽ ላይ ሥዕሉ አልቀረም። ሰው እየተሰበሰበ መጣ። አንዱ «ቀያሽ ነው» አለ። ወሬው እንዳለ ተቀጣጠለ። አንድ ጊዜ በመነጽር የሚያዩ ሰዎች መጥተው፣ «ዝም ብለን ነው» ብለው ሄደው፣ በወሩ እርሻው ላይ ችካል ተተክሎ ተገኝቷል። እኔም እንዲያ ያለ ነገር ቢደርስብኝ ወፍ ነው የሚለኝን ሰው አላምንም።

እታለም በትራቸውን ይዘው፣ ፀጉራቸውን በለጋ ቅቤ አርሰው ደረሱ። ሊቀቡ ጀምረው ነው ጥሪው የመጣባቸው።

«የወንድሜ ልጅ ነው! ምን ሆናችኋል? አዲስ አበባ ወፍ አልቆባቸው ነው፣ ይይበት!»

ሳቁ ገደሉን አስተጋባው። ነገሩ በረደ፤ መነጽሩ ግን ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ የተቀበሉት ሽማግሌ ከወዲያኛው ተራራ ላይ የጠፋች በጋቸውን አገኙ፤ ቢያንስ እሷ ናት ብለው ማሉ። ሁለተኛው ገና እንዳየበት «ጎበዝ! በሬው ገብሴ ውስጥ ነው!» ብሎ መነጽሩን እንዳንጠለጠለ ቁልቁል ሊወርድ ሲል በማንጠልጠያው ጎትተን አስቀረነው። ልጆቹ በተራ ተሰለፉ። ሚሊሻው መጨረሻ ላይ ደረሰውና ከሸለቆው ማዶ ቤቱን ፈልጎ አገኘ። ረጅም ጊዜ አየ።

«ምን አየህ?» አሉት።

«ምንም» አለ። «ሚስቴ ልብስ እያሰጣች ነው።» መነጽሩን ግን አልመለሰም።

ይሄኔ ከብት ጠባቂው ልጅ እጅጌዬን ጎተተኝ። «ጋሼ፣ የምትፈልጋት ያቺ አይደለችም?» ገደሉ ጠርዝ ላይ፣ ሣሩ መሐል፣ ጥቂት ትንንሽ ቡናማ ነገሮች እየዘለሉ ይለቅማሉ። «እነዚህማ ሁልጊዜ እዚህ ናቸው» አለ ልጁ። እጄን ዘረጋሁ። ሚሊሻው ገና ሚስቱን እያየ ነው። ሁለተኛው ቀሚስ ደርሷል። «ወንድሜ፣ እባክህ…» ብዬ ስቀበለው ብር ብለው ሄዱ።

«ወፍ የለም» አለ ልጁ። ሳይስቅ።

እታለም «እስቲ ወዲህ በለው» ብለው ተቀበሉኝና ገልብጠው ያዙት። አስተካከልኩላቸው። የሌላው ወንድማቸው ሚስት በምትኖርበት በማዶው ጉብታ ላይ አነጣጠሩ።

«ጭስ አለ» አሉ። «ከብት የወጣበት ሰዓት ነው፤ እንጀራም አይደለም፣ ትናንት ጋግራለች። ቡና ናት! ለብቻዋ ልትጠጣ! ና፣ ተነሥ።»

ቁልቁል ወረድን። ሰባውን ያለፉ ሴት በዚያ ድጥ ላይ እኔን ጥለው ይሄዳሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ከእግራቸው ሥር የወፍ መንጋ ተነሥቶ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አለት ላይ አረፈ። ቡናማ፤ ትንሽ፤ ጭረት ጭረት።

«ያቺ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

መነጽሩን ወደ ዓይኔ አነሣሁ። በሁለቱም መስታወት የሚታየኝ የእታለም ቅቤ ነው። በሸሚዜ ጫፍ ብጠርገው ይበልጥ ተዳረሰ።

«ናት ወይስ አይደለችም?»

«እንጃ እታለም፣ ቅቤ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እንግዲያው ፍጠን፣ አቦሉ ሳያልፈን።»