የላሙ ወተት

ሞያሌ ላይ ቆሞ ሁለት መንግሥት ማመስገን ቀላል ነው፤ አንገት ማዞር ብቻ ይበቃል። ወደ ሰሜን ዞረን አዲስ አበባን፣ ወደ ደቡብ ዞረን ናይሮቢን እጅ እንነሳለን። ሌላው ሰው አንዱንም አመስግኖ ለመጨረስ ዕድሜ አይበቃው፤ እኛ በሁለት ታድለናል።

ከጸጥታው እንጀምር። ኬንያ ነፃ በወጣች ሰሞን ዐፄ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ በመከላከያ ተዋዋሉ። ሦስተኛዋ ጎረቤት ሶማሊያ ከባንዲራዋ ኮከብ አምስት ጫፎች አንዱን ኦጋዴን፣ አንዱን ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ላይ አሳርፋ ነበር። ዘውዱ ወደቀ፣ ወዳጅነቱ ግን አልወደቀም፤ ደርግም በ1971 ከናይሮቢ ጋር የወዳጅነት ውል ፈረመ። ቀጥሎ የመጣውም መንግሥት የቀደሙትን ሁሉ ሲያፈርስ ይህችን አልነካትም። ሁሉም ለእኛ ጸጥታ ሲባል ነው። ጸጥታችንም ያስቀናል፤ ስብሰባ ላይ «አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ» ሲባል አንድ ጣት አይነሳም።

በመጋቢት 2010 ብቻ ትንሽ ደፈረሰ። መንግሥት ራሱ እንዳለው፣ በተሳሳተ መረጃ ወታደሮች 9 ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ወደ ኬንያ ተሻገረ። ቪዛ የጠየቀ የለም። የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት በዚያ ሰሞን የደረሰበትን ደረጃ የትኛውም የጋራ ኮሚሽን አላደረሰውም። ባለ አንድ ማቆሚያው የድንበር ኬላ የመጣው ኋላ ነው፤ በኅዳር 2013 ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ መረቁት። ድሮ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ይቆም ነበር፣ አሁን አንዴ ብቻ ይቆማል። እስከ መቼ ብሎ መጠየቅ ጸጥታ ማደፍረስ ነው።

ልማቱስ? ኃይል ነዋ! ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል፤ ሽያጩ በ2015 በ200 ሜጋ ዋት ተጀመረ። ኤሌክትሪኩ ዲሲ የሚሉት ዓይነት ስለሆነ መንገድ ላይ ቀንጨብ ተደርጎ አይወርድም፤ ውድ የመለወጫ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ጣቢያዎቹም ያሉት በሁለቱ ጫፎች ነው። እረኛው ቀና ብሎ ያየዋል። ኃይል በላዩ ላይ ሲያልፍ የኖረ ሰው ነውና አይደነቅም። እውነቱን ለመናገር እዚህ ጠረፍ ላይ ኃይል አጥተን አናውቅም፤ የሚጠፋብን መብራት ነው።

አሁን ወደ ላሙ። የካቲት 23 ቀን 2004፣ በአድዋ በዓል ዕለት፣ መለስ ዜናዊ፣ ምዋይ ኪባኪና ሳልቫ ኪር ኬንያ ባሕር ዳርቻ ተገናኝተው የዚህችን ወደብ ሥራ አስጀመሩ። 32 የመርከብ ማቆሚያ፣ ባቡር፣ የነዳጅ ቧንቧ፣ እስከ ሞያሌ የሚዘልቅ መንገድ፤ በዕቅድ ስትታለብ ቅል አልበቃትም። መንገዱ ደርሷል፣ አይካድም፤ አስፋልቱም ያምራል። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2013 ተከፈተ። ባቡሩንና ቧንቧውን ገና እያመነዠገች ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ የሚያሽሟጥጡ አሉ፤ የእኛዋ በሰማይ ሳትሆን በባሕር ዳር ናት። በጅራቷ በኩል መመደባችን የአሠራር ጉዳይ ነው።

እርግጥ ሌሎች ላሞችም ነበሩን። ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከዳ የቦረናና የማርሳቢት ከብት በየሜዳው አለቀ፤ ሣር ፍለጋ ድንበር የተሻገረው እረኛ ከወዲያም የጠበቀው ያው አቧራ ነው። እነዚህን ሁለት አካባቢዎች በሰላምና በልማት የሚያስተሳስር ፕሮግራም ኃይለማርያም ደሳለኝና ኡሁሩ ኬንያታ በተገኙበት እዚሁ ሞያሌ የተፈረመው በ2008 ነበር። ኩሬውም ኤላውም ሲነጥፍ ፊርማው አልደረቀም። ጥራቱን የጠበቀ ቀለም መሆን አለበት።

እኔም የሁለቱም አገር ባለሥልጣን ያለ ሥጋት የሚያጨበጭብላት ስንኝ ቋጥሬያለሁ፤

ሁለት ትልልቆች ፍቅር ሲፈጽሙ፣
መሃል የነበሩት ከብትና ሰው ላሙ።

ለባቡሩ ምርቃት ታስባ ነው፤ ለማረም ጊዜ አለኝ።